እማማ አስካለ ውሃ ያጀቡበት ሳምንት

ዓርብ፣ ጥር 13 ቀን 1958

የትርሲትን ቀሚስ በስንዝር ሲለኩ ደረስኩባቸው። «ለአገር ቤት ብርድ የሚሆን ወፍራም ልብስ የላትም?» አሉኝ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ። እንግዲህ የጠረጠርኩት እውነት ሆነ። አማቴ እማማ አስካለ ከይፋት ነገሌ ድረስ በጭነት መኪና ሲንገላቱ የመጡት ልጃቸው በቀለ ናፍቋቸው ብቻ አይደለም። የስምንት ዓመት ልጄን ይዘው ሊመለሱ ነው።

ትናንት ሲደርሱ አቧራ ለብሰው ዓይናቸው ብቻ ነበር የሚታየው። እግራቸውን አጠብኩ፣ ዶሮ አሳረድኩ፣ ሽር ጉድ አልኩ። ራት ላይ «የመጀመሪያ ልጅ የአያት ነው። እኔንም ያሳደገችኝ አያቴ ናት። ደንቡ ነው» አሉ። በቀለ አንገቱን ደፍቶ ጎረሰ። ባሌ ሃምሳ አለቃ ነው፤ ጦር ሰፈር ውስጥ ሲጮህ ድምፁ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። እናቱ ፊት ያ ድምፅ የት እንደሚገባ እንጃ።

ምክንያታቸው ብዙ ነው። ቆላ ልጅ አያሳድግም። ወባ አለ። አቧራ ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ትርሲት ከጎረቤት ልጆች ጋር በኦሮምኛ ስትጫወት ሰሟት። «እኔ አያቷ የማልሰማውን ነገር ምን ብላ ነው የምታወራው?» ብለው ተቆጡ። እኔ ልጄ ሁለቱን ቋንቋ ስታቀላቅል ሳቅ ነው የሚይዘኝ። እሳቸውን ግን ያስፈራቸው መሰለኝ።

የመጡበት መኪና ሜጋ ከተማ ዕቃውን አራግፎ ማክሰኞ በዚህ ያልፋል። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ የሁለት ሰው ቦታ እንዲይዝላቸው ነግረውታል። የሁለት ሰው! ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እጄ ሥራ አልይዝ ብሏል። ሽሮውንም አሳረርኩት።

ቅዳሜ፣ ጥር 14

ከበቀለ ጋር ተጣላን። በሹክሹክታ። ቤታችን ሁለት ክፍል ስለሆነ ጠባችን ሁሉ በሹክሹክታ ነው። «እናትህን አንድ ቃል ተናገራቸው» አልኩት። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለኝ። «ዝንብ አይገባም፤ ልጅ ግን ከቤት ይወጣል» አልኩት። መልስ ሲያጣ ጫማውን ይወለውላል። ዛሬ ጫማው እንደ መስታወት ፊት ያሳያል።

ጠዋት እማማ በር ላይ ቆመው መንገዱን እያዩ «ይህ አገር ከአቧራ በቀር ምን አለው?» አሉ። ተናደድኩ። እኔም ስመጣ እንዲያው ብዬ ነበር። አሁን ግን ሦስቱንም ልጆቼን የወለድኩበት አገር ነው። ምን ባሳያቸው ይሻላል ብዬ ሳስብ ቦዩ ትዝ አለኝ።

ከቦዩ የበለጠ የምወደው ቦታ የለኝም። ከተራራው ላይ ካለው ምንጭ ተነስቶ የተራራውን ወገብ እንደ መቀነት ዞሮ እስከ አትክልት ማሳዎቹ ይወርዳል። በጎኑ ውሃ የሚጠብቁ ሰዎች እግር የደለደለው መንገድ አለ። ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚወርድ መንገዱም ዳገት የለውም። ሰው ተራራ ላይ ይሄዳል፣ ግን አያለከልክም። ለልጅም ለሽማግሌም የሚሆን እንዲህ ያለ መንገድ ሌላ የት ይገኛል?

«ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቦዩን ይዘን እንንሸራሸር» አልኳቸው። «ገበያ አለ?» አሉ። የለም። «ለቅሶ ነው?» አይደለም። «ታዲያ ሰው ያለ ጉዳይ ይሄዳል? ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል አሉ!» ግን ዳዊት እግራቸው ላይ ተጠምጥሞ «እማማ፣ እንሂድ!» ሲላቸው ጃንጥላቸው የት እንዳለ ጠየቁ። አምስት ዓመቱ ነው። ከአባቱ ይልቅ ደፋር ወጥቶታል።

ለነገ፦ ድፎ ዳቦ። የተቀቀለ ድንች። ቆሎ። ውሃ በኮዳ። ለሕፃኗ ለሙሉ መቀየሪያ ጨርቅ። ጣሳ። የእማማ ጃንጥላ። ይህን ሁሉ የሚሸከም በቀለ።

እሁድ፣ ጥር 15

እግሬ ይቀጠቅጠኛል፣ ቀሚሴ ጭቃ በጭቃ ነው፣ ልጆቹ ሳይታጠቡ ተኙ። እንዲህ የሳቅሁበት ቀን ከስንት ጊዜ ወዲህ! መጨረሻው ባይበላሽ። ተበላሽቷል እንዴ? እሱንም አላወቅሁም። ከመጀመሪያው ልጀምር።

የጦር ሰፈሩ ውሃ ጫኝ መኪና እስከ ማሳዎቹ አደረሰን። ከዚያ ወደ ምንጩ በእግር። መንገዱ የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው፤ በአንድ ወገን ውሃው፣ በሌላው ቁልቁለቱ። ተሰለፍን። በቀለ ፊት፣ ዳዊት በነጠላዬ ከአባቱ ወገብ ጋር ታስሮ፣ ከዚያ ትርሲት፣ ከዚያ እማማ ከነጃንጥላቸው፣ እኔ ሙሉን አዝዬ መጨረሻ። ከኋላ ሆኜ ቤተሰቤን በአንድ መስመር ቆጠርኩ፤ ስድስት ነን። ማክሰኞን አሰብኩ፤ ተውኩት።

እማማ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ አጉረመረሙ። ፀሐዩ፣ ድንጋዩ፣ ያለ ጉዳይ መሄዱ። ከመታጠፊያው በኋላ ዛፍ ሲጀምር የውሃው ድምፅ ጎላ፤ እማማም ቆም አሉ። አጎንብሰው በመዳፋቸው ጨልፈው ቀመሱ። «የምንጭ ውሃ ነው» አሉ። ትንሽ ሄድ ብለው የቦዩን ዳር በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። «ማን ነው ይህን የካበው? እጁ ይባረክ!» ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ።

በዘጠኝ ዓመት ትዳሬ ያልሰማሁትን ዛሬ ሰማሁ። የእማማ አባት በሰፈራቸው የውሃ ዳኛ ኖሯል! ለእርሻው ሁሉ ውሃ የሚያከፋፍል። ልጅ ሆነው ከአባታቸው ኋላ ኋላ ቦይ ለቦይ ሲሄዱ ነው ያደጉት። በቀለም አያውቅም። «እናቴ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» ሲላቸው «መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አሉት።

ትርሲት ወደ ላይ ሮጣ ቅጠል ትለቃለች፣ ዳዊት ከታች ይጠብቃል። ቅጠሉ ሲደርስለት እልልታ ነው። እማማም አንድ ሰፊ ቅጠል አጣጥፈው ጀልባ ሠሩላቸው። የሳቸው ሳይገለበጥ ደረሰ።

ሸለቆው ጋ ውሃው የሚሻገረው በተፈለፈለ ግንድ ነው፤ ሰው ደግሞ በጎኑ በተጋደመ ሳንቃ ላይ ያልፋል። ከፍታው ያን ያህል አይደለም፣ በቀለ ግን እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ ፊቱ አመድ ይመስላል። እማማ ጃንጥላውን አጥፈው ሰጡኝ፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀጥ ብለው ተሻገሩ። ማዶ ቆመው «ና እንጂ፣ አንተ ወታደር!» አሉት። ትርሲት እጁን ይዛ አሻገረችው። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ላይ ሆነው ጉዳችንን ሲያዩ ነበር።

ምንጩ ጋ ሾላ ሥር ምሳ በላን። እማማ ዳቦ በአፋቸው ይዘው ሳቁ፤ ሲስቁ ያየሁት ዛሬ ነው። ሲስቁ ቁርጥ ትርሲትን ናቸው።

ጥፋቱ የመጣው ስንመለስ ነው። ማሳዎቹ አጠገብ ቦዩ ለሁለት ይከፈላል። የአንዱ ቅርንጫፍ አፍ በጭቃና በሣር ተደፍኖ ነበር፤ ከላዩ የተቋጠረ እርጥብ ሣር በድንጋይ ተጭኖበታል። ውሃው ሁሉ በሌላው በኩል ይሄዳል። እኔ ሙሉን እቀይራለሁ፤ በቀለ የተኛውን ዳዊት ተሸክሟል። እማማ «ጉድ! ቦዩ ተደፍኖ ዝም ብለው ያዩታል?» ብለው ድንጋዩን ማንሳት። ትርሲት «እማማ፣ ይተዉት፣ የሰው ተራ ነው!» አለች። «አንቺ ነሽ ስለ ቦይ ለኔ የምትነግሪኝ?» አሉና ሣሩን በሁለት እጃቸው መዥርጠው ጣሉት። በሳቸው አገር ቦይ ውስጥ ሣር አይቶ ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ይወቀሳል። እዚህ ግን የተቋጠረ ሣር ያለበትን ድፍን ባለተራው ካልሆነ ማንም አይነካውም። ውሃው ዞሮ በተከፈተው በኩል ቁልቁል ወረደ። እማማ እጃቸውን አራግፈው «ይኸው!» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

ብዙም ሳንቆይ አንዲት ሴትዮ ዶማ ይዘው እየሮጡ መጡ። አኮ ዳርሚ ናቸው፤ ሽንኩርታቸውን ከተማ አምጥተው ሲሸጡ አውቃቸዋለሁ። አኮ ማለት አያት ነው። በጣም ተቆጥተዋል። ግን ቆሙ፣ ዶማውን መሬት ተከሉና ሰላምታ ጀመሩ። «አካም? ናጋ? ልጆች ናጋ? ቤት ናጋ? መንገድ ናጋ?» ትርሲት ለእያንዳንዱ «ናጋ» እያለች መለሰች። ሰላምታው አንድም ሳይጎድል አለቀ። ከዚያ ነው «ቢሻን ኪያ! ውሃዬን! ማን ነው ውሃዬን የወሰደ?» ብለው የጮኹት። እማማ አልገባቸውም። «ይህን ሁሉ ጊዜ ደህና ናችሁ ወይ እያለች ነው ወይስ እየተሳደበች?» አሉኝ።

ትርሲት መሐላቸው ቆማ አስረዳቻቸው። ውሃው የአኮ ዳርሚ ተራ ነበር። ትናንት የተከሉት የሽንኩርት ችግኝ ገና አልጠጣም። ማሳው ዳር ያለው ዛፍ ጥላ ትልቁ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ተራው ያልፋል፤ ጥላው ደግሞ ደርሷል። የሚቀጥለው ተራቸው ሐሙስ ነው። እማማ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ጣሳውን ከእጄ ነጥቀው ውሃ ወዳቆረ ጉድጓድ ሮጡ። ሁላችንም ተከተልናቸው። በጣሳ፣ በኮዳ፣ በአኮ ዳርሚ ባልዲ ችግኙን አጠጣን። ዳዊት ነቅቶ በእፍኙ ያመላልስ ነበር። ሁሉንም ግን አላዳረስንም።

የውሃውን ተራ የሚቆጣጠሩት፣ የቦዩ አባት የሚባሉት ኦቦ ጃርሶ መጥተው ጥላ ሥር ተቀምጠው ፈረዱ። ተራ ያስቀረ ሰው በሚቀጥለው ተራ ውሃውን ከምንጩ እስከ ማሳው ራሱ አጅቦ ያስገባል፤ ራሱ በእግሩ፣ ራሱ ዶማ ይዞ። ትርሲት ተረጎመች። እማማ ተነስተው እጅ ነሱ። «አባቴም ቢሆን እንዲሁ ነበር የሚፈርደው» አሉ።

ተራው ሐሙስ ነው። መኪናው ማክሰኞ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 16

በቀለ ጀግና ሊሆን ሞከረ። «እናቴ፣ አንድ ወታደር ልኬ ውሃውን አስገባልሻለሁ፣ አንቺ ጉዞሽን አትተዪ» አላቸው። ከጎኑ ብሆን ኖሮ እቆነጥጠው ነበር። እማማ ግን «ፍርድ በወኪል ሲፈጸም የት ነው ያየኸው? ይህን ነው ያስተማርኩህ?» ብለው አሸማቀቁት።

ያም ሆኖ የትርሲት ልብስ ተጠቅልሎ በር ሥር ተቀምጧል። ወጥቼ ስገባ አየዋለሁ። ትርሲት ራሷ ምን እንደምታስብ ብጠይቃት «እማማ ጋ ቦይ አለ አሉ» አለችኝ። ደስ ያላት ይመስላል። ይኸኛው ደግሞ የባሰ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 17

መኪናው ረፋድ ላይ መጣ። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። እኔ እንስራውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሾፌሩን «ዛሬ አልመችህም፤ ፍርድ አለብኝ» አሉት። ሰውዬው ደነገጠ፤ የታሰሩ መሰለው። «ሌላኛው መኪና ቅዳሜ ያልፋል» ብሏቸው ሄደ።

ሲሄድ አቧራው ቤቱን ሞላው። ይህን አቧራ ስወደው!

ረቡዕ፣ ጥር 18

ትርሲት ለእማማ ኦሮምኛ ታስተምራቸዋለች። ሰላምታ ብቻ ነው የያዙት። ያገኙትን ሁሉ «ናጋ?» ይላሉ፦ ወታደሩን፣ ነጋዴውን፣ ዶሮዋን። ሰዉም ደስ ብሎት ቆሞ ሙሉውን ይመልስላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ከሁለተኛው በኋላ ይጠፋባቸዋል። በቀለ እስኪያስለው ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ስናሰጣ «እንግዲህ ቅዳሜ ነው» አሉኝ። አፌ ቀደመኝ። «እማማ፣ ልጄን አልሰጥም» አልኩ። በሕይወቴ ለሳቸው እምቢ ያልኩት የመጀመሪያው ቃል ነው። «ደንብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አልችልም። ያለሷ ቤቱ አይሆንልኝም።» እማማ የያዙትን አንሶላ አሰጡ፣ ጠርዙን አቃኑ። ቆይተው «ዶማ የሚያውሰን ሰው አለ?» አሉኝ። ተቆጡ? አልተቆጡም? ለበቀለ ስነግረው ጫማውን አነሳ።

ሐሙስ፣ ጥር 19

ውሃ ማጀብ ማለት እንዲህ ነው። ኦቦ ጃርሶ ከምንጩ ሥር ውሃውን ለቀቁት። ሌሊቱን ተዘግቶ በደረቀው ቦይ ውስጥ የውሃው ግንባር ቅጠልና አረፋ እየገፋ ቀስ ብሎ ይመጣል። ሰው ከሱ እኩል ይራመዳል። የሚያፈስ ቀዳዳ ሲያይ በጭቃ ይደፍናል፣ ያገደውን ያነሳል። ከግንባሩ መቅደምም ወደ ኋላ መቅረትም አይፈቀድም። ለልጅ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ የለም። ዳዊት ውሃውን «ና! ና! አይዞህ!» እያለ ሲጠራው ዋለ።

እማማ ቀሚሳቸውን በመቀነት ሸብ አድርገው ዶማ ትከሻቸው ላይ። አኮ ዳርሚም ከጎናቸው መጡ፤ ፍርዱ አያስገድዳቸውም፣ ሊያዩዋቸው ነው። ትርሲት በሁለቱ መሐል። አንዲት ቀዳዳ ጋ ሁለቱ ተከራከሩ፤ አንዷ ድንጋይ ይሁን፣ ሌላዋ ሣር ይሁን። ትርሲት ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስትዞር አንገቷ ሊቀነጠስ። በመጨረሻ ድንጋይም ሣርም ሆነ። ከዚያ በኋላ አንቺ መባባል ጀመሩ።

ውሃው ማሳው ውስጥ ሲገባ እማማ መደቦቹን አንድ በአንድ ከፍተው አስጠጡ። እጃቸው ያውቀዋል። ጠውልጎ የነበረው ችግኝ እንኳ ቀና ያለ መሰለኝ። አኮ ዳርሚ በጮጮ ወተት አመጡ፣ ለሁላችንም አዳረሱ፣ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን። ትርሲት «ሰላም ይብዛ፣ ውሃ ይብዛ፣ ልጅ ይብዛ ነው የሚሉት» አለች። «አሜን በያት» አሉ እማማ። «ቀጥሎ ደግሞ ይህን አራተኛውን መደብ አብረን እንያዘው ወይ በያት።»

ሊቀሩ ነው እንዴ? ግን እማማ በወተቱ ደስ ብሏቸው የተናገሩት ሊሆን ይችላል።

ዓርብ፣ ጥር 20

በቀለ እናቱን ሊያነጋግር ገባ። ወጣ። እንደገና ገባ። «ምን አልካት?» ስለው «ጾም ስለሆነ ምን ትቀምሳለሽ ብዬ ጠየቅኋት» አለኝ። ይገድለኛል ይህ ሰው።

የልብሱ ጥቅል ከበር ሥር ጠፍቷል። የት እንዳደረጉት አልጠየቅሁም። መጠየቅ ፈራሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 21፣ ማርያም

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መኪናው በራችን ላይ ቆሟል። ትርሲትን የክት ቀሚሷን ለብሳ ሳያት ልትሄድ የለበሰች መሰለኝ። ለበዓሉ መልበሷን እንኳ ዘንግቼው ነበር።

እማማ ወደ ሾፌሩ ሄዱ። አንድ ጥቅል ሰጡት፤ የትርሲት ልብስ አይደለም፣ ለወንድማቸው የሚደርስ ነው። መልእክቱንም ጮክ ብለው ነገሩት፦ ከብቶቹን እንዲያይላቸው፣ ቤቱን እንዳያስነካ፣ «ታማ ነው የቀረችው» ብሎ የሚያወራ ካለ ደህና ናት እንዲል። ሾፌሩ «ታዲያ አይመጡም?» አላቸው። «ተራዬ ሰኞ ነው፤ ከአኮ ዳርሚ ጋር የያዝኩት ሽንኩርት ሳይደርስ የት ነው የምሄደው?» አሉት። «ልጅቷስ? ባልደረባዬ ነግሮኝ ቦታ ይዤላት ነበር እኮ» አለ። እማማ እንደ ሞኝ አዩት። «እሷን ከሰጠሁህ ማን ያስተረጉምልኛል?»

ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ሳቅሁ። ትርሲት መጥታ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ስትለኝ ሽንኩርት ነው አልኳት፤ ሽንኩርት ግን አልከተፍኩም ነበር።

እማማ ስለ ረቡዕ ቃሌ ምንም አላነሱም። ሲያልፉ ብቻ ትከሻዬን መታ አድርገው «ሰኞ ጠዋት እንዳትዘገዪ፣ አንቺም ትመጫለሽ» አሉኝ። ሰኞ ደግሞ ነነዌ ይገባል፤ ያለ ምሳ ነው የምንሄደው።

አሁን በቀለ አጠገቤ ተቀምጦ ስጽፍ ያየኛል። «ሽንኩርት ግን በስንት ጊዜ ነው የሚደርሰው?» አለኝ ቀስ ብሎ። ገባኝ። ሲደርስ እናቱ አገራቸው ይመለሳሉ፤ ያን ጊዜ ስለ ትርሲት እንደገና ይነሳ ይሆናል። «እኔ እንጃ» አልኩት። ይዘግይ። ምነው በዘገየ፤ እሳቸውንም ለምጃቸዋለሁ።